ሳይሞቱ የጻፍኩላቸው የሕይወት ታሪክ

ጭሮ ውስጥ ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ እኔ የሕይወት ታሪክ እጽፋለሁ። አማርኛ አስተማሪ ሆኜ ተመድቤ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ለአንዲት ጎረቤቴ ቀብር ጻፍኩ፤ ሲነበብ ሕዝቡ ተንሰቀሰቀ፣ እኔም በዚያው ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ በሽተኛ ያለበት ቤት ጎራ ስል "ምነው ቲቸር፣ በደኅና ነው?" እያሉ በጥርጣሬ ያዩኛል።

እጄ ፈጣን ነው፤ ይህን ስል አላፍርም። ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ፤ ሰው አክባሪ፣ ታታሪ፣ ቤታቸው ለሁሉ ክፍት። አንድ ሰዓት አይፈጅብኝም። ስንቱን ሰካራም "ተጫዋች" ብዬ አስቀብሬዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ቤቴ መጡ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ከመቻራ ቡና እየጫኑ በዚያ አንጀት በሚበጥስ መንገድ ሲመላለሱ ነው። አሁን እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ እስክሪብቶ አይይዙም።

"ግለ ታሪኬን ጻፊልኝ" አሉ። "እኔ ልናገር፣ አንቺ ጻፊ።"

ይህን ነገር ስንቴ አስተምሬዋለሁ! ግለ ታሪክ ባለቤቱ ራሱ "እኔ" እያለ የሚተርከው ነው። የሕይወት ታሪክ ሌላ ሰው "እሳቸው" እያለ የሚጽፍለት ነው። ትውስታ ደግሞ ከዕድሜው ሁሉ ያልረሳትን ነጥሎ የሚያወጣባት ናት። ተማሪዎቼ ሦስቱን ባደባለቁ ቁጥር ቀይ እስክሪብቶዬ ያልቃል።

ሾፌሩ ከሰዓቱን ሙሉ አወሩኝ። ስለፈነዳ ጎማ፣ ስለ ጭቃ፣ ጋቢና ውስጥ አብራቸው ስለተጓዘች ፍየል። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። መጨረሻ ላይ ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ።

እናታቸው ቦርደዴ በጠና ታመው ሳለ፣ ታናሽ እህታቸው ቡና ነጋዴ ባላቸውን መቻራ ድረስ ልከው "እናትህ እያጣጣረች ነው፣ ድረስ" አስብለዋቸው ነበር። ሾፌሩ መልእክቱን ሰሙ፤ ነገር ግን የጀመሩትን ጭነት አድርሰው ሊሄዱ አሰቡ። ሲደርሱ እናታቸው ተቀብረዋል። ያን ጊዜ በሐፍረት "ማን ነገረኝ?" አሉ። መልእክተኛው "በአፌ ነግሬዋለሁ" ቢሉ ማን ይመን። እህትየው እስከ ዛሬ፣ ባላቸው ንግድ ሲያሯሩጡ መልእክቱን የረሱት ይመስላቸዋል፤ በተጣሉ ቁጥርም ይህንኑ ያነሱባቸዋል።

"ይኼን ጻፊ" አሉኝ ሾፌሩ። "ሳልሞት እህቴ ትስማው።"

እሺ አልኩ፤ እጄ ግን የለመደውን መንገድ ሄደ። እንዲህ ያለው ነገር ለጆሮ አይመችም ብዬ ዘለልኩት፣ ሌላውንም አሳመርኩት። ሰኞ ዕለት በንጹሕ የገለበጥኩትን ይዤላቸው ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩና "ለእናታቸው ጧሪ ቀባሪ የነበሩ" የሚለው ላይ ሲደርሱ ጮክ ብሎ ማንበቡን ተዉት። ከዚያ ዐይናቸው ወደ መጨረሻው ወረደ። "ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው" ብዬ፣ ለቀኑ ክፍት ቦታ ትቼላቸው ነበር! ቀይ እስክሪብቶ ያለው ሰው ቢያየኝ ስንት ይሰጠኝ ነበር?

"አቦ ቲቸር! ገደልሽኝ እኮ!" ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ወረቀቱን መለሱልኝ። "ይኼ ሰውዬ ጨዋ ነው፤ እኔ ግን አላውቀውም። እሱን በምትቀብሩ ቀን እህቴ ከባሏ ጎን ቆማ ትሰማለች። ታምናለችም።"

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ብዕሬን የምወድበት ትዕቢቴ ሁሉ አስጠላኝ።

ተቀምጬ እንደገና ጀመርኩ። እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ያሉትን ብቻ በ"እኔ" ጻፍኩ። ጎማውንም ጭቃውንም ፍየሏንም አስወጡኝ፤ አንድ ገጽ ቀረ። ግለ ታሪክ ታዝዤ፣ የሕይወት ታሪክ ጽፌ፣ የወጣው ትውስታ ሆነ። የመጀመሪያውን ልቀደው ስል ግን እጄን ያዙኝ።

"ተይው፣ ቀኑ ሲደርስ ይጠቅማል። ጧሪ ቀባሪ የሚለውን ብቻ ሰርዢልኝ።"

ብቻዬን አልደፍረውም ስላሉኝ በሚኒባስ አብረን እህታቸው ወደሚኖሩበት ቦርደዴ ወረድን። ሾፌሩ መንገዱን ሙሉ ያን ወረቀት እያወጡ ይመልሱት ነበር። እህትየው ወንድማቸውን ሲያዩ በደስታ የሚያደርጉት ጠፋቸው። ባላቸው ጓሮ ፍየሎቻቸውን ውሃ ያጠጡ ነበር። ሾፌሩ ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ ወረቀቱን ዘረጉ።

"እናቴ ስትታመም መልእክቱ ደርሶኝ ነበር" ብለው አነበቡ።

"ቆይ" አሉ እህትየው።

ተነሥተው ወጡ። ተቆጥተው የሄዱ መሰለኝ። ባላቸውን እጅጌያቸውን ይዘው አስገቡና ራሳቸው ተቀምጠውበት የነበረው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። እህትየው አጠገባቸው ቆሙ።

"አሁን ከመጀመሪያው አንብብ" አሉ ወንድማቸውን።

ሾፌሩ ድምፃቸው እየተቆራረጠ እስከ መጨረሻው አነበቡ። ባልየው የረጠበ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ እየጠረጉ ሰሙ። "ነግሬሽ አልነበር?" ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አላሉም። እህትየው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው ያለቅሱ ነበር።

"ወረቀቱ ለእኔ ይሁን?" አሉ ባልየው።

ተቀበሉት፣ አራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት፣ ቁልፉንም ቆለፉ። ከዚያ ወጥተው ፍየሎቹን ማጠጣት ቀጠሉ።