የታጠበው የጥንት ጥልፍ

ኮልፌ ውስጥ የሀበሻ ቀሚስ ጥልፍ ነው ሥራዬ። አንድ ቀን ከቤቴል እትዬ አስካለ ፊደልና ወፍ የተጠለፈበት ቡናማ ጨርቅ ይዘውልኝ መጡ።

«ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አንዲት የአውሮፓ ልጅ ጥልፍ ስትማር የሠራችው ነው። አስመስለሽ ሥሪልኝ፤ አደራ!»

ሠርቼ ጨረስኩ። ጉዱን ያመጣችው እናቴ ናት። የሰው ጨርቅ ሳይታጠብ አይመለስም ባይ ስለሆነች፣ ዞር ስል በሳሙና ፈትጋ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። እንደ አዲስ ነጠላ ነጥቶ ጠበቀኝ!

እትዬ አስካለ ሲመጡ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ጨርቁን አገላብጠው አዩና በሳቅ ፈነዱ።

«ተነሺ እባክሽ! ዋናውንማ ለማን እሰጣለሁ? ቤት ተቆልፎበታል።»

ነፍሴ መለስ አለች። እሳቸውም ቀጠሉ፦

«ይሄ ዋናውን አስመስዬ እኔው የጠለፍኩት ነው። ያረጀ እንዲመስል ሦስት ቀን ሻይ ውስጥ ዘፍዝፌዋለሁ። በይ ሻይ ጣጂ፣ ሁለቱንም እናስረጃቸው!»