ፒካፑ ያልቻለው ካራቫን

እኔና ባለቤቴ ጅዳ ጃሚዓ ሰፈር አንድ ቤት ተቀጥረን እንሠራ ነበር፤ እኔ ሹፌር፣ እሷ የቤት ሠራተኛ። ካፊላችን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችንን ኢቃማ ያወጣልን ሽማግሌ፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉው የበኩር ልጁ ነው። ይህን ስጽፍ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

አንድ ዓመት ብርዱ ሲገባ ልጁ ካራቫን ገዛ፤ አልጋና ማብሰያ ያለው፣ ከመኪና ኋላ የሚጎተት ተሳቢ ቤት። በረሃ ወጥቶ ሊያድርበት ነው። የሚስበው ደግሞ እኔ ለአስቤዛ የምነዳው ትንሽ ፒካፕ ነው። ባዶውን ስሞክረው ምንም አላለም። በጉዞው ቀን ግን ጀኔሬተሩ፣ የውኃው በርሜል፣ ምንጣፉ፣ ሥጋና በረዶ የሞላው ሳጥን ሁሉ ገባበት። የፒካፑ ኋላ ተቀምጦ አፍንጫው ወደ ሰማይ ቀና አለ።

«ባዶውን እንጂ ከነጭነቱ አይችለውም። ግማሹን እናውርድ» አልኩት።

«አንተ ሹፌር ነህ። ያላ፣ ንዳ!»

እሱ ቤተሰቡን ይዞ በሌላ መኪና ቀደመ። ባለቤቴ ምግብ የምታበስለው እሷ ናትና አጠገቤ ተቀመጠች።

መካን አልፈን አንድ ቁልቁለት ላይ ካራቫኑ ይገፋን ጀመር። ፍሬን ረገጥኩ፤ አልያዘም። ተሳቢው ወዲህና ወዲያ እየተወዛወዘ ከመንገድ አወጣንና በባለቤቴ በኩል ተገለበጥን። እኔ ከመጫጫር አላለፍኩም። የእሷ ቀኝ ክንድ ግን ተሰበረ።

ልጁ ለአባቱ «ሹፌሩ ሲበር ነበር» አለ። አባት ልጁን አመነ። ክንዷ በጄሶ እንደታሰረ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ አስመቱባትና ላትመለስ ወደ ወሎ ተሸኘች። ኤርፖርት ሻንጣዋን በግራ እጇ እየጎተተች ዞር ብላ፣ «ኸላስ፣ አላህ ያውቃል» አለችኝ። እኔ ግን አላህ ብቻ ማወቁ አልበቃኝም። ሰውም እንዲያውቅ ፈለግሁ።

ካፊል ቀይሬ መካ ገባሁ። ጀርወል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ ከከተማው ዳር ካራቫን የሚያከራይ ግቢ ውስጥ ሥራ ያዝኩ። የደንበኛው መኪና ምን ያህል መሳብ እንደሚችል መኪናው በር ላይ ከተለጠፈው አያለሁ፤ ካራቫኑን ከነዕቃው ሚዛን ላይ አወጣለሁ፤ መኪናው ከቻለው ሁለቱን የሚያያይዘውን ጋንቾ እቆልፋለሁ፤ ካልቻለው አልቆልፍም። በሰገድኩ ቁጥር ዱዓዬ አንድ ነበር፦ ያ ሰው በዚህ በር እንዲገባ።

ዘንድሮ ብርዱ ሲጀምር ገባ። ወፍሯል። ሚስቱንና ልጆቹን ይዟል፤ የሚስቱ አባት በራሳቸው መኪና ተከትለውታል። ከኋላ ወንበር ሕፃን ያቀፈች ሐበሻ ልጅ ተቀምጣለች። አላወቀኝም።

«ሰዲቅ፣ ወዳጄ፣ ቶሎ እሰርልን» አለኝ።

ዕቃቸውን ጭነው ሲጨርሱ መዘንኩት። መኪናው ከሚችለው በለጠ።

«አይችለውም» አልኩት።

«ይችላል! እሰረው፣ ኃላፊው እኔ ነኝ።»

ጋንቾው እጄ ላይ ነበር። ዝም ብዬ ብቆልፍለት ቁልቁለቱ ይበቀልልኝ ነበር። አማረኝ፤ አልዋሽም፣ በጣም አማረኝ። ግን ዓይኔ ልጅቷ ላይ አረፈ። ሕፃኑ ትከሻዋ ላይ ተኝቷል፤ እሷ ሐበሻ መሆኔን አውቃ ፈገግ አለችልኝ። ጋንቾውን መሬት ላይ ጣልኩትና ወደ ሚስቱ አባት ሄድኩ።

«ያ ዓሚ፣ አጎቴ፣ ይኼ ሰው ከዚህ በፊትም አይችልም እየተባለ እንዲሁ አስጭኖ የባለቤቴን ክንድ አስሰብሯል። ለአባቱ ደግሞ ሹፌሩ ሲበር ነው ብሎ ዋሸ። ሹፌሩ እኔ ነኝ።»

«ከዛብ! ውሸታም!» ብሎ እየጮኸ መጣና ፊቴን አየ። አወቀኝ።

«እውነት ነው?» አሉት አማቱ።

ላቡን በእጁ ጠረገ። «የሠራተኛ ነገር ነው፤ ያለፈ ነገር ነው» አለ።

አማቱ ሌላ አልጠየቁትም። የመኪናውን በር ከፍተው ልጃቸውን «ውረጂ» አሏት። የልጅ ልጆቻቸውን ተቀበሏት። ሐበሻዋንም በእጃቸው ጠሯት። ሁሉንም ጭነው ወደ ጅዳ ሲመለሱ እሱ ከካራቫኑ ጋር ብቻውን ቀረ። ዕቃውን ራሱ ሲያወርድ አላገዝኩትም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ጀኔሬተሩን ታቅፎ ሲንገዳገድ፣ ነጭ ቀሚሱ በዘይት ሲጨማለቅ እስኪበቃኝ አየሁት።

የግቢው ባለቤት «ደንበኛ አባረርክ» ብሎ የካራቫኖቹን ሽንት ቤት ማጠብ ላይ መደበኝ። ሥራው ይገማል፤ እኔ ግን እያንጎራጎርኩ አጠብኩ።

በዕረፍቴ ቀን ወሎ ደወልኩና ለባለቤቴ ነገርኳት።

«ልጅቷስ?» አለች።

«ከሽማግሌው ጋር ሄደች።»

«አልሐምዱሊላህ።» ቀጥላም፣ «እሱስ፣ ሲወርዱበት ምን መሰለ? ፈራ?»

«ፈራ። አላበው።»

ስትስቅ ሰማኋት። ከሄደች ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም።

«እስቲ ቁጭ በል» አለችኝ፤ «በበሩ ከገባበት ጀምረህ ደግመህ ንገረኝ። ምንም እንዳታስቀር።»