ዝም ያለው ማርሚታ

የሞተር ብስክሌት ቀለም መቀባትና የጭስ ማውጫውን ማርሚታ መቀየር የጀመረው ገና ጢም ሳያበቅል ነው። አሁን ጢሙ ሸብቷል። የሰፈሩ ወጣቶች «ነጎድጓድ» ይሉታል፤ እሱ የነካው ማርሚታ ከሦስት መንደር ማዶ ይሰማል። እሱ ግን ደክሞታል። ወገቡ አልታዘዝ ብሎታል፣ የቀለሙ ሽታ ከምሳው ጋር አብሮ ይዋጣል፣ ቤት ሲገባም ሚስቱ «እያናገርኩህ እኮ ነው!» እያለች ትቆጣለች። ድካም ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል ብሎ ያልፈዋል።

አንድ ረፋድ ላይ፣ ቤት ለቤት እየዞረች በሽተኛ የምትጎበኝ ነርስ ሞተሯን እየገፋች መጣች። ገና ከሩቅ ለየው። የዛሬ ሦስት ዓመት በገዛ እጁ የሠራው ነው፤ ታንከሩ ላይ የእሳት ነበልባል፣ ማርሚታው የውስጥ እቃው ተፈልቅቆ የወጣ።

«ከሰው ነው የገዛሁት ጋሼ!» አለች፣ ከቀለም መርጫው ኮምፕሬሰር ድምፅ በላይ እየጮኸች። «ግቢ ስገባ በሽተኞቼ ከአልጋቸው ሊወድቁ ምንም አይቀራቸውም። ትናንት አንዷ አራስ በስንት መከራ ያስተኛችውን ልጅ ቀሰቀስኩባት። ምን እንዳለችኝ አልነግርዎትም። ዝም ያሰኙልኝ፣ ቀለሙንም ግራጫ ያድርጉልኝ።»

«ሲስተር፣ እኔ ዝም ማሰኘቱን ረስቼዋለሁ።»

«እርስዎ ካልቻሉ ማን ሊችል ነው?»

ሁለት ቀን ፈጀበት። ነበልባሉን በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቀው፣ ያን ጊዜ ጫፍ ጫፉን ሲስል ትንፋሹን ይዞ እንደነበር ትዝ አለው። ያኔ ሥራው ደስ ይለው ነበር። አቧራውን ጠርጎ ግራጫውን ረጨበት፤ ደስም አላለው፣ አልከፋውም። ማርሚታውን ሰንጥቆ የተበሳሳ ቱቦ ከተተበት፣ ዙሪያውን ድምፅ የሚውጥ ጥጥ ጠቀጠቀና መልሶ በየደው።

በሦስተኛው ቀን ነርሷ መጥታ ሞተሩ ላይ ወጣች። እሱ ክንዱን አጣጥፎ ቆመ።

«አስነሺው እንጂ» አላት።

«ተነስቷል እኮ ጋሼ!»

የቀለደችበት መሰለው። እጁን ታንከሩ ላይ ቢያሳርፍ ከመዳፉ ሥር ይንቀጠቀጣል። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ። ምንም የለም። ቀና ሲል ነርሷ አትስቅም።

ሞተሩን አጠፋችና ጠጋ ብላ፣ «ይሄ የማርሚታው ብቻ አይደለም» አለችው። «እኔ ይሰማኛል። ነገ ክሊኒክ ይምጡ፣ ጆሮዎን የሚያይ ሐኪም አለ።»

ሄደ። ሐኪሙም የጠፋው የመስማት አቅም አይመለስም፣ የቀረውን ግን ማትረፍ ይቻላል አለው። ለሚስቱ ሲነግራት «እኔ እኮ የሰለቸሁህ መስሎኝ ነበር» አለች። ሁለቴ አስደገማት።

በሳምንቱ የማርሚታውን ሥራ ከጎኑ ላለው በያጅ ለቀቀለትና ቀለሙን ብቻ ይዞ ቀረ። ሥራው ቀዝቀዝ ብሏል። ከሰዓት በኋላ በር ላይ ወንበሩን ያወጣል፤ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገውም የሚቀሰቅሰው የለም።