መስከረም አንድ ዘሪሁን የት ነበር?

በ1994 ዓ.ም. መስከረም አንድ ቀን የት እንደዋለ የማያስታውስ ሰው አላጋጠመኝም። እኛ እንቁጣጣሽ ብለን ስንበላ ስንጠጣ፣ አሜሪካ ውስጥ እነዚያ ፎቆች የተመቱበት ቀን ነው። እኔ ግን ቀኑን የማስታውሰው በአባቴ ነው፤ የሞተው ያን ዕለት ነው። የተፈጸመብኝን ክህደት ያወቅሁት ደግሞ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በዚያው ቀን ነው። ይኸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቤታችን ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል አካባቢ ነበር። አባቴና እናቴ በዓሉን ከእኛ ጋር ሊውሉ መጥተዋል። ከምሳ በኋላ አባቴ "ደረቴን ወጋኝ" አለና ላቡ ይንቆረቆር ጀመር። ባለቤቴ ጎረቤት ሮጦ ለዘሪሁን ደወለ።

ዘሪሁን የሠርጋችን አንደኛ ሚዜ ነው። ለእኔ ወንድሜ ማለት ነበር። ከወዳጆቻችን ሁሉ መኪና ያለው እሱ ብቻ ነው፤ የሚኖረውም መሃል ከተማ ስለሆነ ዐሥር ደቂቃ አይፈጅበትም። "ቁልፌን አንስቻለሁ፣ መጣሁ" አለ።

አባቴን ጋቢ አልብሰን በረንዳ ላይ አስቀመጥነው። ለዐሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ዐሥር ሰዓት ሆነ፣ ዘሪሁን የለም። እናቴን አስከትዬ ጎረቤት ሄድኩና ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ቆየት ብዬ ደገምኩ፤ ሠለስኩ። ቤቱ ሰው ከሌለ ወጥቷል ማለት ነው አልኩና ተመልሼ "አባባ፣ አይዞህ፣ ዘሪሁን መንገድ ላይ ነው" አልኩት። ይህ ግምቴ አዘናጋን። ጋሪ ፍለጋ የወጣነው ዐሥር ተኩል ካለፈ በኋላ ነው።

በበዓል ቀን ጋሪ ከየት ይገኛል! በመከራ አንድ ወደ ቡሹሎ የሚመለስ ባለጋሪ አገኘን። ሰውየው አንድ ቃል ሳይናገር ጭነቱን መንገድ ዳር አራግፎ አባቴን አስተኛልን። አባቴ ጋሪው ላይ ሆኖ እንኳ "ዘሪሁን መጥቶ ሲያጣን ይደነግጣል፣ ቤት ሰው ተዉለት" ይል ነበር። ሆስፒታል ሳንደርስ እጄ ላይ አለፈ።

ዘሪሁን ማምሻውን እያለቀሰ መጣ። እጁ በግሪስ ጠቁሯል። "መኪናው አልነሳ ብሎኝ፣ ከነቤተሰቤ ውጭ ስገፋ ዋልኩ" አለ። ማን ይጠራጠራል? አስከሬኑን ተሸከመ፣ ሦስቱንም ቀን ድንኳን ውስጥ አደረ። እናቴ "እንደ ልጅ አለቀሰልኝ" ብላ የአባቴን ካፖርት ሰጠችው። እኔ ደግሞ "አትጸጸት፣ ያንተ ጥፋት አይደለም" እያልኩ አጽናናው ነበር። እኔ! እሱን!

ከዚያ ሚሌኒየሙ መጣ፤ መስከረም አንድ 2000። ቤታችን እንግዳ ሞልቶ ነበር። ዝናብ ስለነበር ዘሪሁን ያንኑ ካፖርት ለብሶ መጥቷል። ጎረቤታችን ጋሼ አየለ የታሪክ አስተማሪ ናቸው፤ ቀን ከቀን ማገጣጠም ይወዳሉ።

"አያችሁ" አሉ፣ "ይህች መስከረም አንድ ለእኛ ሁለት ሺህ ዓመት የሞላባት፣ ለአሜሪካኖቹ እልቂት የሆነባት ናት። ለመሆኑ ያኔ ፎቆቹ ሲመቱ የት ነበራችሁ?"

ሁሉም በየተራ አወራ። ዘሪሁንን ሞቅ ብሎታል። "እኔማ በዓይኔ ነው ያየሁት!" አለ። "ዲሽ ባስገባሁ ሰሞን ነው። ሁለተኛው አውሮፕላን ሲገባ በቀጥታ! ቁልፌን እንደያዝኩ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ፣ እስኪመሽ ማን ተነስቶ! ስልኩ ይጮሃል፣ ማን ያነሳዋል..."

እዚህ ላይ አፉን ያዘ። ግን አንዴ አምልጦታል።

የወጥ ሳህን ይዤ ቆሜ ነበር። "መኪናው አልነሳ ብሎህ አልነበር እንዴ?" አልኩት። ባለቤቴ "ተይው፣ በዓል ነው" አለኝ። እኔ ግን አልተውኩም። "ግሪሱስ ዘሪሁን? ቀብተኸው ነው የመጣኸው?"

እናቴ ከተቀመጠችበት ሆና፣ ድምፅዋን እንኳ ሳትጨምር፣ "ዘሪሁን ልጄ፣ ስልኩ ስንት ጊዜ ጮኸ?" አለችው።

"ሦስት ጊዜ፣ እማማ" አለ አንገቱን ደፍቶ።

ካፖርቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ አኖረና በዝናብ ወጥቶ ሄደ። ማንም አልተከተለውም።

በጊዜ ብንደርስ አባቴ ይተርፍ ነበር ወይ? አላውቅም። እዚያ ያለቁትም የሰው ልጆች ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር። ሰው እንደዚያ ያለ ነገር ሲያይ ደንግጦ ቢቀመጥ ይገባኛል። ግን ከስድስት ዓመት በኋላ ቁጥሩን ካልረሳ፣ ማን እየደወለ እንደነበር ያውቅ ነበር።

ባለቤቴ ታርቆታል። እናቴም ይቅር ብላዋለች። እኔ አልቻልኩም። አባቴን "መንገድ ላይ ነው" ብዬው ነበር፤ እሱም አምኖኝ፣ ለዘሪሁን እየተጨነቀ ሞተ።