ቀርፋፋ ተብሎ የተዘለለው ጤና ጣቢያ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። ስለ ኮምፒውተር ፍጥነት ሲወራ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ደሜ ይፈላል።

መካኒሳ ያለ አንድ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። የምናሠለጥነው ሞዴል፣ ማለትም ከመረጃ የሚማር የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ወደ ሆስፒታል ቶሎ መላክ ያለባትን ነፍሰ ጡር ለይቶ ለጤና ጣቢያዎች ያሳያል። የእናቶቹ መረጃ ከጣቢያው አይወጣም። እያንዳንዱ ጣቢያ በራሱ ኮምፒውተር ያሠለጥንና የተማረውን ብቻ ይልክልናል። እኛ የሁሉንም አዋህደን እንመልስላቸዋለን፤ እነሱም ከሚያክሟቸው እናቶች ሁኔታ ጋር ያስማሙታል።

ችግሩ ሁሉም ልኮ ካልጨረሰ ቀጣዩ የሥልጠና ዙር አለመጀመሩ ነው። ለቡ ዳር ያለው ጤና ጣቢያ ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው፤ መብራትም ይጠፋበታል። ሌሎቹ ጨርሰው እሱን ይጠብቃሉ።

መፍትሔ ጀምሬ ነበር። የጋራ የሆነው የሞዴሉ ክፍል ብቻ ይላክ፣ የየጣቢያው የራሱ የሆነው እዚያው ይቅር፣ አቅም ላነሰው ኮምፒውተር ደግሞ ሥራው ይቀነስለት የሚል ነው። አለቃዬ ዳዊት ግን ገንዘብ የሚሰጡን ሰዎች ሊጎበኙን ስለሆነ ተጣድፎ ነበር። እኔም ሳልጨርሰው የወሊድ ፈቃድ ወጣሁ።

ሥራ በተመለስኩበት ሳምንት የለቡው ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ሲስተር ብርቱካን ደወሉልኝ። "ነይና ይሄን ኮምፒውተር እይልኝ" አሉኝ። ድምፃቸው ልክ አልነበረም።

ሄድኩ። ዘነበች የምትባል፣ ግንባታ ላይ የምትሠራ ወጣት ነፍሰ ጡር ራሴን አመመኝ ብላ መጥታ ነበር። ኮምፒውተሩ አያሰጋም አለ። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ሲስተርም ኮምፒውተሩን ማመን ለምደዋል። ወደ ቤቷ ላኳት። በማግስቱ እያንዘፈዘፋት በሰው ሸክም አመጧት። ሆስፒታል ደርሳ እሷ ተረፈች። ልጇ አልተረፈም።

ሞዴሉን ከፍቼ አየሁት። እኔ ፈቃድ ስወጣ የነበረው ነው። ከዚያ ወዲህ ግንባታው በዝቶ፣ ከክፍለ ሀገር የመጡና የቀድሞ ክትትል የሌላቸው እናቶች ወደ ጣቢያው ይጎርፋሉ። ኮምፒውተሩ እነሱን ጨርሶ አልተማራቸውም።

እዚያው ቆሜ ለዳዊት ደወልኩ።

"የለቡውን ከሥልጠናው አውጥቼዋለሁ" አለኝ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ። "እሱን ብንጠብቅ ዛሬም አንጨርስም ነበር።"

"ነግረሃቸዋል?"

"ምን ብዬ? የድሮው ይሠራላቸዋል እኮ።"

ሕፃን ሞቷል አልኩት። "እኛ ምክር ብቻ ነው የምንሰጠው፤ የወሰነችው ነርሷ ናት" አለ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ለሲስተር እውነቱን ነገርኳቸው። አልጮሁብኝም። "ትታችሁን ከሆነ ለምን አልነገራችሁንም?" አሉኝ። "እኛ እኮ ያለሱም እንሠራ ነበር።"

ስመለስ ታክሲ ውስጥ ልብሴ በወተት ረጠበ። ልጄን የማጠባበት ሰዓት አልፏል። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

በማግስቱ ለሁሉም ጣቢያዎች እንንገራቸው ብዬ ዳዊትን ለመንኩት። ስማችን ይጠፋል አለ። እኔም የሆነውን ሁሉ ገንዘብ ለሚሰጡን ሰዎች ጻፍኩላቸው። ከዚያ በኋላ ነው ዳዊት ጣቢያውን ወደ ሥልጠናው እንዲመልስ የተገደደው። የጀመርኩትን ጨርሼ ሥራ ላይ አዋልኩት። የለቡው ኮምፒውተር ማንንም አላስጠበቀም። ያን ያህል ከባድ ሥራ አልነበረም፤ ይበልጥ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ከዚያ ሥራውን ለቀቅኩ። ዘነበችን ልጠይቅ ሄጄ ነበር፤ ወደ ሀገሯ ተመልሳለች አሉኝ። ዳዊት አሁንም በየስብሰባው ሥልጠናውን እንዴት እንዳፈጠነ ያስረዳል ሲሉ እሰማለሁ። ባለቤቴ "አሁንስ ንዴቱ ይውጣልሽ" ይለኛል። እኔ ግን እንዲወጣልኝ አልፈልግም።