ይግባ ወይስ ይቅር?

ሚስቴን የሥራ ባልደረቦቿ «ይግባ-ይቅር» ይሏታል። ፊት ለፊት አይደለም ታዲያ፤ ፊት ለፊትማ ማን ደፍሮ! እኔ ግን ባሏ ነኝና እደፍራለሁ። ስደፍር የሚደርስብኝን ደግሞ እኔ አውቃለሁ።

ስሙ የወጣላት በሥራዋ ነው። ሚስቴ ከርነል ታዘጋጃለች። ከርነል ምንድን ነው የሚል ቢያጋጥማችሁ አትፍረዱበት፤ እኔም የአውቶቡስ መካኒክ ነኝ፣ ስንት ጊዜ ጠይቄ ነው የገባኝ። ኮምፒውተር ሲበራ ቀድሞ ነቅቶ ቤቱን የሚረከበው ፕሮግራም ነው። ካሜራውን፣ ድምፁን፣ ሜሞሪውን፣ ሁሉንም በየሥራው የሚያሰማራው እሱ ነው፤ ሌሎቹ ፕሮግራሞች እሱን ሳያስፈቅዱ ምንም አይነኩም። ታዲያ አንዱ ከርነል ለሁሉም ማሽን አይሆንም። ፕሮሰሰር የሚሉት የኮምፒውተሩ አንጎል ዘር በዘር ነው፤ ለአንዱ ዘር ትእዛዝ የሆነው ለሌላው ተራ ጫጫታ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ዘሩ ይመረጣል፤ ከዚያ ማሽኑ ላይ ያለው እየገባ፣ የሌለው እየቀረ፣ በልኩ ይዘጋጃል። ጥያቄው በሺህ የሚቆጠር ነው። ይህ ይግባ ወይስ ይቅር? ይህስ?

ሌላው ባለሙያ የሰው ምርጫ ገልብጦ ይገላገላል። እሷ እቴ! ያልገባትን ነገር «ይግባ» ከምትል ብትሞት ይሻላታል። እንዲገባት ደግሞ ለማያውቅ ሰው ጮክ ብላ ማስረዳት አለባት። «ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ካቃተኝ እኔም አላወቅኩትም ማለት ነው» ትላለች። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ወንበሯን ወደ ሰው መሳብ ስትጀምር ዘበኛው ሳይቀር እግሬ አውጪኝ ይላል። ቤት ውስጥ የማያውቀው ሰው እኔ ነኝ። እንግዲህ ኑሮዬን አስቡት፤ ሞተር ሥር ተጋድሜ ውዬ ገብቼ፣ ሾርባዬን እየጠጣሁ፣ «ስማ እስቲ፣ ሰዓት ቆጣሪው ፕሮሰሰሩን በሰከንድ መቶ ጊዜ ይቀስቅሰው ወይስ ሁለት መቶ ሃምሳ?» እባላለሁ። «እኔን በጠዋት አንድ ጊዜ የሚቀሰቅሰኝ አጥቻለሁ» ስላት ትስቃለች። መልሷን ሳታገኝ ግን አትለቀኝም።

አማቴ፣ የሚስቴ እናት፣ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው፤ ድምፃቸውን የሰማ ሁሉ ሳይጠየቅ ማባዛት የሚጀምርላቸው ዓይነት። ዓይናቸው ቀስ በቀስ እየደከመ ሄዶ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ኑሯቸው ከአንድ ሳጥን ጋር ነበር። ሳጥኑ ካሜራ አለው፤ ከካሜራው ሥር መጽሐፍም ይሁን ጋዜጣ ዘርግተው ቁልፉን ሲጫኑት በጆሮ ማዳመጫ ያነብላቸዋል። የመድኃኒት ወረቀት እንኳ ሰው እንዲያነብላቸው አይፈልጉም ነበር። ሰው ማስቸገር የሚባል ነገር አይሆንላቸውም።

አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ ሳጥኑ ጢስ ጢስ ሸተተና ዝም አለ። ፈትቼ አየሁት፤ ዋናው ቦርድ ነዷል። የሠራው ድርጅት ደግሞ ከተዘጋ ቆይቷል፤ መለዋወጫ ብሎ ነገር የለም።

አማቴ ለጥቂት ቀን ምንም አላሉም። ከዚያ ምሳ ላይ፣ ወጥ አቀብሉኝ እንደሚል ሰው ቀለል አድርገው፣ «ወንድሜ ጋ ደውዬ ነበር» አሉ። «እሁድ መጥቶ ይወስደኛል። እሱ ቤት ሰው አይጠፋም፣ የሚያነብልኝ አላጣም። እናንተማ ማለዳ ትወጣላችሁ፤ እኔ ከግድግዳ ጋር እውላለሁ።»

ወንድማቸው ያለው ሌላ ከተማ ነው፤ በአውቶቡስ የቀን መንገድ። በዚያ ዕድሜ ጓዙን ጠቅልሎ የሄደ ሰው ተመልሶ እንደማይመጣ እኔም አውቃለሁ፣ ሚስቴም ታውቃለች። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እሁድ ሳይደርስ ይሠራል» አለች።

«ምኑ?» አልኳት።

«ሳጥኑ ነዋ!»

በነጋታው የዓመት ፈቃድ ወሰደች። እሷ! ለሠርጋችን እንኳ በስንት ልመና ነው ሥራ የቀረችው። መዳፍ የምታክል ቦርድ ገዝታ መጣችና ጠረጴዛው ላይ፣ ከእናቷ ወንበር አጠገብ፣ ዘረጋችው። የአሮጌው ሳጥን ፕሮሰሰር ከጠረጴዛ ኮምፒውተሮች ዘር ነበር። ይሄኛው ስልክ ውስጥ ከሚገባው ዘር ነው፤ የድሮው ከርነል እዚህ ላይ ዋጋ የለውም።

«አሮጌው ዘር ሲነቃ እየዞረ ማን አለ፣ ማን አለ እያለ ይጠይቃል» አለችኝ። «ይሄ አይጠይቅም። ካሜራው የት እንዳለ፣ ድምፁ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ የቦርዱን ካርታ ካልሰጠኸው ተገትሮ ይቀራል።»

ነገሩ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ቦርዱን በጎንም በጀርባም እያገላበጥኩ አየሁት፤ ቁራጭ ብረት ሰው ካልነገረው ጎረቤቱን አያውቅም ማለት እንዴት ያለ ነገር ነው! ግን ወንበሯን ወደ እኔ መሳብ ስትጀምር ጋራዥ ሥራ እንደበዛብኝ ትዝ አለኝ። ወጣሁ። ቤት ውስጥ የቀረ የማያውቅ ሰው አማቴ ብቻ ነበሩ።

እስከዚያ ድረስ እናትና ልጅ ስለ ሥራ አውርተው አያውቁም። አማቴ አልፎ አልፎ «ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» ይሏታል፤ እሷ «አይገባሽም እማዬ፣ የኮምፒውተር ነገር ነው» ብላ ታልፋለች። ክፋት አልነበረባትም፤ ደክሟት ነው የምትገባው። ያን ዕለት ግን ለምሳ ስመለስ ከበር ላይ የሰማሁት የአማቴን የመምህርነት ድምፅ ነው።

«ቆይ፣ ቆይ! ሞዱል ያልሽውን ድገሚልኝ።»

«መልሱ ሦስት ዓይነት ነው እማዬ። አንዱ ይግባ፣ አንዱ ይቅር። ሦስተኛው ደግሞ ዲስኩ ላይ ይቀመጥና ሲፈለግ ይጠራ፤ ሞዱል የሚባለው እሱ ነው።»

«እንደ ተጠባባቂ ተጫዋች።»

«እንደሱ።»

«ታዲያ የትኛውን ነው ከመጀመሪያው የምታሰልፊው?»

ሚስቴ ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል ጥሩ ጥያቄ ተጠይቃለች ማለት ነው፤ እኔ በጥያቄ ዝም አሰኝቻት አላውቅም። ትንሽ ቀናሁ።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ችሎት ሆነ። ሚስቴ ታነባለች፣ ታስረዳለች፤ አማቴ ይፈርዳሉ። «የምን ሬዲዮ ነው እሱ? እኛ ምን ቤት ነን? ይቅር!» ይላሉ። «የጨዋታ መሪ ማለት? ማን ሊጫወትበት ነው? ይቅር!» ልጅቷም ብትሆን ዝም ብላ አትቀበልም፤ «ይሄማ ይቅር ካልሽ ካሜራው ይታወራል» ስትል እናትየው «እንግዲያው አንድ ዕውር ይበቃናል፣ ይግባ» ብለው ይስቃሉ። እኔ ምሳ እሠራለሁ። ምን ላድርግ፣ ሌላ የቀረ ሥራ የለም!

የተመረጠው ሁሉ ተሰብስቦ አዲሱ ፕሮሰሰር ወደሚገባው ትእዛዝ ሲቀየር ኮምፓይል ማድረግ ይሉታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ኮምፓይል አድርጋ ቦርዱን ስታበራው ለሥራዋ ያገናኘችው ስክሪን ላይ ጽሑፍ ተንዠቀዠቀ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። ዲስኩን አላገኘሁም ይላል። ሚስቴ ራሷን ያዘች። ዲስክ ማንበቢያውን ሞዱል አድርጋዋለች፤ ሞዱሉ ደግሞ የተቀመጠው እዚያው ዲስክ ላይ ነው። «ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቼ በሩን ቆለፍኩት!» ስትል አማቴ ከት ብለው ሳቁ። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም። ሚስቴም ተናዳ ጀምራ ሳቃ ጨረሰች።

ዝርዝሩን እንደገና ከላይ ያዙት። አጠገባቸው ተቀምጬ ድንች እየላጥኩ ነበር።

«የስክሪን ማሳያ» አለች ሚስቴ።

«ለእኔ ስክሪን ምን ያደርግልኛል?» አሉ አማቴ።

«እውነትሽን ነው። ይቅር፤ ቶሎም ይነሣል።»

እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ሦስታችንም ትክክል ነበርን።

ሐሙስ ዕለት አዲሱ ከርነል ተጠናቀቀ፤ ቦርዱንም ሳጥኑ ውስጥ ገጠመችው። አማቴ እንደ ልማዳቸው ማዳመጫውን ባንድ ጆሯቸው ሰክተው ተቀመጡ፣ ሚስቴ አበራችው፣ ስክሪኑን አፈጠጠችበት። ጨለማ። አጠፋችው፣ አበራችው። ጨለማ። ካርታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየችው፣ ሜሞሪውን መረመረች፣ የኃይል ገመዱን ቀየረች፤ ያው ጨለማ። «ገና ከመነሻው ነው የሚሞተው» አለች። አማቴ «አይዞሽ፣ እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አሏት፤ እሷም ከመጀመሪያው ጀመረች።

ዓርብ ከጋራዥ ቀደም ብዬ ገባሁ። ሚስቴ ልብስ ልታሰጣ ጓሮ ወጥታለች። አማቴ ብቻቸውን ሳጥኑ ፊት ተቀምጠዋል። ጣታቸው ቁልፉ ላይ ነው፤ ከካሜራው ሥር እኔ ጠረጴዛው ላይ ትቼው የሄድኩት የፍሬን ጥገና መምሪያ ተዘርግቷል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«እማማ! ይሠራል እንዴ?»

ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። «ዝግ በል አንተ ልጅ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከትናንት። ገና ስታበራው በማዳመጫው ዝግጁ ነኝ አለኝ።»

ያኔ ነው የበራልኝ። ስክሪኑን ይቅር ብለውታል፤ ይቅር ተብሎ ቀረ። ሚስቴ ራሷ ያስቀረችውን ስክሪን እየጠበቀች ነው የምትቃጠለው! አትሳቁባት፤ እኔ በእጄ የያዝኩትን መፍቻ ጋራዡን ገልብጬ የፈለግኩ ሰው ነኝ። ሰው ሲጨንቀው እንዲህ ነው።

«እማማ፣ ልጅቷ እኮ ልታብድ ነው! ለምን አይነግሯትም?»

«ዝም አይነቅዝም» አሉኝና መምሪያውን አጠፉት። «ራሴ እነግራታለሁ። አንተ እንዳትቀድመኝ።»

ምን ልበል? የአማት ቃል ነው። ሴትዮዋ መሄዱን ቆርጠዋል ማለት ነው አልኩ። ሳጥኑ ከሠራ መሄጃ ሰበብ ያጣሉ፤ ለዚህ ነው የደበቁን። ቤታችን ምን ቢያጎድልባቸው ነው? ቅዳሜ ሙሉ ቀን ሚስቴ ስትፈታ ስትገጥም፣ እናቷን ስትጠይቅ፣ እናትየው ሲመልሱ እያየሁ ምላሴን ነክሼ ዋልኩ። እኔን የሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

እሁድ ወንድማቸው፣ በዋዜማው ተነሥተው፣ መጡ። ሻንጣው በር ሥር ተዘጋጅቷል። ሰውዬው ገና ሳይቀመጡ፣ «እህሳ፣ ያ ማሽን እንዴት ሆነ?» አሉ።

«አልሆነልኝም ጋሼ» አለች ሚስቴ። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች። «ይቅር በይኝ እማዬ። ለስንቱ ባዳ ማሽን ሠርቼ ላንቺ ልሠራ አቃተኝ።» አለቀሰች። ልጅ እንደሚያለቅሰው ነው ያለቀሰችው፣ በእጅጌዋ እየጠረገች።

አማቴ ይሄን አልጠበቁም። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። እጃቸውን በጠረጴዛው ላይ እየዳበሱ ማዳመጫውን አገኙት፣ ገመዱን ከሳጥኑ ነቀሉት፣ የፍሬን መምሪያውን ከካሜራው ሥር ገልጠው ቁልፉን ተጫኑ። ሳጥኑ ጮክ ብሎ፣ «የፍሬን ዘይት ከመጨመርዎ በፊት አየሩ ሙሉ በሙሉ መውጣቱን ያረጋግጡ» አለ።

ወንድማቸው ብድግ አሉ። ሚስቴ ሳጥኑን አየችው፣ ጥቁሩን ስክሪን አየችው፣ አፏን በእጇ ያዘች። «ስክሪኑን እኮ እኛው ነን... ወይኔ! ወይኔ በሞትኩት! ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሐሙስ» አሉ አማቴ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሲያልቅ ትሄጃለሻ።»

አማቴ ማዳመጫውን በጣታቸው እየጠቀለሉ ቀጠሉ። «ሳጥኑማ ያነብልኛል፣ ይባረክ። አንቺ ግን ትጠይቂኝ ነበር። ዓይኔ ከጠፋ ጀምሮ በላሽ ወይ፣ መድኃኒትሽን ዋጥሽ ወይ ይሉኛል። ምን ይመስልሻል ያለኝ ሰው የለም። አንድ ቀን ልጨምር፣ አንድ ቀን ልጨምር እያልኩ ነው እሁድ የደረሰው።»

እኔ ደግሞ ቤታችን ምን አጎደለባቸው ስል ነበር። አፈርኩ። ከዚያ ወንበር አጠገብ በየቀኑ አልፋለሁ፤ እንደምን ዋሉ ብዬ መልሱን ሳልሰማ እጄን ልታጠብ ወደ ሳሙናው ነበር የምሮጠው።

ሚስቴ እናቷ እግር ሥር መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ሰኞ ሥራ እገባለሁ እማዬ፣ አልዋሽሽም» አለች። «ግን መሥሪያ ቤት አዲስ ፕሮሰሰር ተሰጥቶኛል፤ ዘሩን አላውቀውም፣ ፈርቼ ገና አልነካሁትም። ማታ ማታ የምጠይቀው ሰው እፈልጋለሁ። እሱ እንደሆን» ወደ እኔ ጠቆመች፣ «ይሸሻል።»

አማቴ አሰቡ። «ምን ያህል ጥያቄ አለው?»

«በሺህ ይቆጠራል።»

«ወንድሜ» አሉ አማቴ፣ «ሻንጣዬን ክፍሌ መልስልኝ፤ ምሳ ሳትበላም አትሄድም።»

«የቀን መንገድ የመጣሁት ሻንጣ ላመላልስ ነው?» እያሉ ሰውዬው ወደ ኮሪደሩ ገቡ። አማቴ አልሰሟቸውም። የልጃቸውን ፀጉር ዳበስ አድርገው ወንበራቸውን ወደ እሷ ሳቡ።

«በይ፣ የመጀመሪያው ምንድን ነው?»