ሦስት ገጽ ስንብት

ቻይንኛ የለመድኩት በመንገድ ሥራ ካምፕ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ስሠራ ነው። ሥራው አልቆ ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ቤቴ ከገባሁ በኋላ አንዲት ቻይናዊት አስተርጓሚ ፈልጋ መጣች። የፊልም ጽሑፍ ጸሐፊ ናት። ትንሽ ልጅ ሳለች አባቷ አጋሮ አካባቢ መንገድ ይሠራ ነበር፤ አሁን ስለ እሱ ልትጽፍ ነው።

የፊልም ጸሐፊ ሥራ ተቀምጦ መጻፍ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እሷ ግን ጠዋት ሄርማታ ገበያ ገብታ ሰው ሲከራከር ታዳምጣለች። ከሰዓት ተዋናዩ የሚሄድበትን መንገድ ራሷ በእግሯ ሄዳ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ትመዘግባለች። አመሻሽ ላይ ደግሞ የጻፈችውን ንግግር ተካፍለን ጮክ ብለን እናነባለን፤ አፏ ላይ ያልጣማትን ወዲያው ትሰርዘዋለች።

አጋሮ ላይ ለአባቷ ካምፕ ምግብ ያበስሉ የነበሩ እናት አገኘን። የአባቷን ፎቶ ሲያዩ፣ «ይኼማ የኛ ረጅሙ ነው!» አሉ።

ጸሐፊዋ አባቷ አጋሮን ለሚሰናበትበት ትዕይንት ሦስት ገጽ ንግግር ጽፋ ነበር። «ሲሄድ ምን አለዎት?» ብላ ጠየቀች፤ ተረጎምኩላቸው።

«ምን ይላል? ቋንቋ የለው! የተሰበረውን የቤቴን በር ጠገነልኝና እጄን ጨብጦ ሄደ።» ፎቶውን እንደገና አዩት። «ልጅ እንዳለችው ግን ነግሮኛል።»

«እንዴት?» አልኩ እኔ ራሴ።

«በእጁ ነዋ። ቁመቷ እዚህ ድረስ ነው ብሎ።» መዳፋቸውን ጉልበታቸው አጠገብ ዘረጉ። «ከዚያ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ከፍ ያደርገው ነበር። አድጋለች ማለቱ ነው።»

ይህን ተረጎምኩላት። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አለቀሰች። ልጁ እሷ መሆኗን፣ አባቷም መሞቱን ስነግራቸው እናት በሻሻቸው ጫፍ ፊቷን ጠረጉላት። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አላህ ያጽናሽ» አሏት። ይኼ ትርጉም አላስፈለገውም።

ወደ ጅማ ስንመለስ መኪና ውስጥ ሦስቱንም ገጽ ሰረዘቻቸው።

ከወራት በኋላ ያለቀውን ጽሑፍ በስልክ ላከችልኝ። አጋሮ ሄጄ ለእናት እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። በስንብቱ ላይ አንድም ቃል የለም፤ በሩ፣ መጨባበጡና የተዘረጋው መዳፍ ብቻ። ሳነብ ቆይቼ ቀና ስል ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«እኔን የምትሆነዋ ማን ናት?» አሉ።

«ገና አልተመረጠችም፣ እማማ።»

«ወፍራም ሴት እንዳታመጣ በያት። ያኔ ቀጭን ነበርኩ።»

እዚያው ቁጭ ብዬ ጻፍኩላት።